የኑዛዜ አደራ፤ ስለ ጎንኩር ሽልማት አመሠራረትና አያያዝ

በየዓመቱ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ላይ ዐሥር ደራስያን በፓሪስ ከተማ ድሩዋን በሚባለው ምግብ ቤት ለምሳ ይሰበሰባሉ። በዓመቱ በፈረንሳይኛ ቋንቋ ከታተሙት ልብ ወለድ ታሪኮችም አንዱን መርጠው የጎንኩርን ሽልማት ይሰጣሉ፤ የሚጠባበቁት ጋዜጠኞችም የተሸላሚውን ስም ተሻምተው ለዓለም ሁሉ ያሰማሉ። ተሸላሚው ከዳኞቹ እጅ የሚቀበለው ገንዘብ 10 ዩሮ ነው። በዚህም ገንዘብ በዚያው በድሩዋን ገበታ አንድ ምሳ እንኳ አይበላበትም። ይህን የሚያዩ ብዙ ሰዎች ገንዘቡ ኢምንት፥ ክብሩ ግን ታላቅ መሆኑን እያነሡ፥ ለሥነ ጽሑፍ የሚገባው እንዲህ ያለ ከገንዘብ የነጻ ሽልማት ነው ብለው ያመሰግናሉ።

ምስጋናው ለጆሮ ያምራል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው የተገለበጠ ምስጋና ሆኖ ይገኛል። ስለ ምን ቢሉ፥ ይህን ሽልማት በኑዛዜ ያቋቋመው ኤድሞን ደ ጎንኩር ለደራሲ ክብር ላድል ብሎ አልተነሣም፤ እንጀራ ላድል ብሎ ነው እንጂ። ክብር የሚያድልማ በዘመኑ ሞልቶ ነበር። የእርሱ አሳብ ድኻ ደራሲ አንድ ዓመት ያህል ስለ ዕለት ጕርሱ ሳይጨነቅ ተቀምጦ እንዲጽፍ ነበር። እንግዲህ 10 ዩሮውን የንጽሕና ምልክት አድርጎ ማመስገን፥ ለተራበ ሰው የተተወውን ማዕድ ባዶ ካስቀሩ በኋላ ሳሕኑ እንዴት ያበራል ብሎ እንደ ማድነቅ ነው። ይህም እንዲህ መሆኑን ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤድሞን በ1822 በናንሲ ከተማ፥ ወንድሙ ዡል በ1830 በፓሪስ ተወለዱ። እናታቸው በ1848 ስትሞት የተረፈላቸው ሀብት ያለ ሌላ ሥራ ለመኖር የሚበቃ ስለ ነበረ፥ ሁለቱም ሚስት ሳያገቡና ሹመት ሳይሹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለመጽሐፍ ሰጡት። ሁለት ሰዎች ሳሉ በአንድ ብዕር እንደሚጽፍ አንድ ሰው ሆነው ይጽፉ ነበር። በ1865 ያሳተሙት «ዤርሚኒ ላሰርቶ» የአንዲት የቤት ሠራተኛን ኑሮና ውድቀት የሚናገር ነው፤ ለታሪኩም መነሻ የሆነችው በገዛ ቤታቸው ታገለግላቸው የነበረች ሴት ናት። አንዲት ገረድ የታላቅ መጽሐፍ ባለ ታሪክ ልትሆን ይገባታል ማለት በዚያ ዘመን ታላቅ ድፍረት ነበር። ዡል ግን ገና በ39 ዓመቱ በ1870 ሞተ። ኤድሞንም ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ብቻውን ኖረ፤ ሽልማቱንም ሲያስብ የሟቹ ወንድሙ ስም ከስሙ ጋር ተጣምሮ እንዲኖር መሻቱ ነበር።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር ደራሲን የሚያከብረው ታላቁ ማኅበር ካርዲናል ሪሽልዩ በ1635 ያቋቋመው የፈረንሳይ አካዳሚ ነበር። ወንበሮቹ 40 ናቸው። በእነዚህም ወንበሮች መኳንንትም፥ ጳጳሳትም፥ ሚኒስትሮችም በየጊዜው ተቀምጠውባቸዋል፤ ባልዛክ ግን አልተቀመጠባቸውም፤ ፍሎቤርም አልተቀመጠባቸውም። ኤድሞን ይህን ዐይቶ ተቈጣ። ዳሩ ግን ቍጣው በወንበሩ ብቻ አልነበረም። ሀብት የሌለው ደራሲ ቀኑን ለመሥሪያ ቤት ወይም ለተራ የጋዜጣ ወሬ ሸጦ ማታ ደክሞ ሲገባ፥ ለመጽሐፉ የሚተርፈው የጊዜ ፍርፋሪ መሆኑን ያውቅ ነበር። እርሱና ወንድሙ ከዚህ መከራ የዳኑት ከሌላው ሰው ይልቅ ብልሆች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ወራሾች ስለ ሆኑ ነው። ስለዚህም በውርስ ያገኘውን ነጻነት መልሶ ለማያውቃቸው ሰዎች ሊያወርስ ቈረጠ።

የኑዛዜውም ቃል እንዲህ ያለ ነው። ሀብቱ ሁሉ ተሸጦ፥ ከገንዘቡ በሚገኘው ወለድ ዐሥር ደራስያን ያሉበት ማኅበር እንዲቋቋም፤ ከዐሥሩም እያንዳንዱ በየዓመቱ 6,000 ፍራንክ እንዲቀበል፤ ማኅበሩም በየዓመቱ በስድ ንባብ ለተጻፈ ምርጥ የፈጠራ ድርሰት 5,000 ፍራንክ እንዲሸልም አዘዘ። መኳንንትና የፖለቲካ ሰዎች ወደ ማኅበሩ እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከአባላቱም አንዱ ወደ ፈረንሳይ አካዳሚ የገባ እንደ ሆነ የማኅበሩን ወንበር እንዲለቅ ወሰነ። ሽልማቱም ለወጣትነት፥ ከሌላ ላልተቀዳ ስጦታ፥ በአሳብም በአጻጻፍም አዲስና ደፋር ለሆነ ሙከራ እንዲሰጥ የመጨረሻ ምኞቱ መሆኑን ገለጸ። በዚህ ኑዛዜ ውስጥ ዝና የሚባል ነገር የለም። ያለው የብር ልክ፥ የሰው ቍጥርና የሚሰጥበት ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂ ቢነሣ፥ ፈራጁ በየዓመቱ 6,000 ፍራንክ ሲበላ ደራሲው በዕድሜው አንድ ጊዜ 5,000 ብቻ መቀበሉ ፍርደ ገምድልነት አይደለምን? ይላል። መልሱ ይህ ነው፤ ኤድሞን የዳኛን ጠባይ ያውቅ ነበር። የተራበ ዳኛ ለሚያበላው ይፈርዳል። ስለዚህ ዐሥሩ ከማንም ደጅ እንዳይጠኑ፥ ከማንም አሳታሚ እጅ እንዳይጠብቁ፥ ፍርዳቸውም የማይሸጥ እንዲሆን አስቀድሞ አጠገባቸው። የዳኛው እንጀራ የደራሲው እንጀራ ጠባቂ እንዲሆን የታሰበ ነው። በዚህም ነገር ጥብቅ ስለ ነበረ ወዳጅነት አላለዘበውም። ታላቁ ደራሲ ኤሚል ዞላ አስቀድሞ ከዐሥሩ መዝገብ ስሙ ተጽፎ ነበር፤ ዞላ ወደ ፈረንሳይ አካዳሚ ለመግባት በፈለገ ጊዜ ግን ኤድሞን ስሙን ሰረዘው።

ኤድሞን በ1896 ጁላይ 16 ቀን በወዳጁ በአልፎንስ ዶዴ ቤት በሻንፕሮዜ ሞተ። ኑዛዜውንም እንዲፈጽሙ አደራ የተሰጣቸው ዶዴና ሌዎን ኤኒክ ነበሩ። ወዲያውም የሟቹ ዘመዶች ኑዛዜው እንዲፈርስ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ገና ያልተቋቋመ ማኅበር እንዴት ይወርሳል? የሚል ነበር ሙግታቸው። ለማኅበሩ የቆመው ጠበቃ ሬይሞን ፑዋንካሬ ነበር፤ ይኸውም በኋላ በ1913 የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። ፍርድ ቤቱ በ1897 ለማኅበሩ ፈረደ፤ ዘመዶቹ ይግባኝ ቢሉም በ1900 ያው ፍርድ ጸና። መንግሥትም በ1903 ማኅበሩን በሕግ ዐወቀው። ዶዴ ግን ይህን ሳያይ በ1897 አረፈ። ከሞቱ እስከ መጀመሪያው ሽልማት ድረስ ሰባት ዓመት ያህል የተሟገቱት ስለ ምን ነበር? ስለ ክብር ቢሆን ኖሮ ማንም ዘመድ ጠበቃ ባልገዛ ነበር። ሙግቱ ስለ ገንዘብ ነበር፤ ገንዘቡም የድኻ ደራስያን ነው ተብሎ ተፈረደ።

ይህም ገንዘብ እንዴት እንደ ተገኘ ሊታሰብ ይገባል። ሁለቱ ወንድማማቾች በኦተይ በነበረው ቤታቸው የ18ኛውን መቶ ዘመን ሥዕሎች፥ የጃፓንንና የቻይናን የእጅ ሥራዎች በብዙ ዘመን ድካም ሰብስበው ነበር። ኤድሞን እነዚህ የሚወዳቸው ዕቃዎች ወደ ቤተ መዘክር ገብተው እንደ መቃብር ባለ ስፍራ እንዲቀመጡ አልፈቀደም፤ በሐራጅ ተሸጠው እንደ እርሱ ለሚወዳቸው ሰዎች እጅ እንዲደርሱ አዘዘ። በ1897ም ተሸጡ። በቤተ መዘክር ውስጥ በስሙ የተሰየመ አዳራሽ ቢኖረው የስም ዋጋ በቀላሉ ባገኘ ነበር። እርሱ ግን ሥዕሉን በትኖ እንጀራ አደረገው። ገንዘብን የናቀ ሽልማት ነው እያሉ የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን ሐራጅ ቢያስቡ ምላሳቸው በታሰረ ነበር።

የመጀመሪያው ሽልማት በ1903 ዲሴምበር 21 ቀን ተሰጠ። ተሸላሚው ዦን አንቷን ኖ የሚባል፥ በ1860 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከፈረንሳውያን ወላጆች የተወለደ፥ ባሕር ወዳድና ብዙ ሰው የማያውቀው ገጣሚ ነበር። «ጠላት ኀይል» የተባለው መጽሐፉ በእብዶች ቤት ያለ ሰው፥ ከሌላ ዓለም የመጣ መንፈስ በውስጡ እንዳደረበት የሚናገርበት ታሪክ ነው። ሰውዬው በዚያን ጊዜ 43 ዓመቱ ስለ ነበረ ወጣት አይባልም፤ መጽሐፉ ግን በአሳብም በአጻጻፍም ደፋር ነበረ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዊስማንስና ባልንጀሮቹ ዝነኛ ስም አልፈለጉም፤ የገበያ ተወዳጅም አልፈለጉም። ኑዛዜው በዚያ ቀን እንደ ተጻፈ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

መጓደሉ ግን ብዙ አልዘገየም። ዐሥሩ ዳኞች ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ተሸላሚዎቹም ወንዶች ሆኑ። ስለዚህ በ1904 «ላ ቪ ኧሬዝ» በተባለው መጽሔት የሚጽፉ 22 ሴቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ሽልማት አቋቋሙ፤ በኋላም «ፌሚና» የተባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያውንም ሽልማት በኢየሩሳሌም ለተወለደችው ለሚርያም አሪ ሰጡ። ጎንኩር በ1910 ዡዲት ጎቲዬን ወደ ዳኝነቱ ወንበር ቢያስገባም፥ ሽልማቱን የተቀበለች የመጀመሪያይቱ ሴት ኤልሳ ትሪዮሌ ናት፤ ይህም በ1945 ሆነ። የኑዛዜው ቃል ለወጣትነትና ለአዲስነት ይላል እንጂ ለወንዶች አይልም ነበር። በእርግጥ ኤድሞን ራሱ ቅዱስ አልነበረም፤ የዕለት ማስታወሻው ሴቶችንና አይሁድን በሚንቅ መራራ ቃል የተበከለ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ኑዛዜ ከተናዛዡ ይበልጣል። ሰው ከነድካሙ ይሞታል፤ መልካም ቃሉ ግን በአደራ ተቀባዮች እጅ ይቀራል፤ አደራ ተቀባይም የሟቹን ቃል እንጂ የሟቹን ድካም እንዲወርስ አልታዘዘም።

በ1919 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ማርሴል ፕሩስት በስድስት ድምፅ ተሸለመ፤ ከታላቁ ጦርነት የተመለሰው ወታደር ሮላን ዶርዥሌስ «የእንጨት መስቀሎች» በተባለው መጽሐፉ አራት ድምፅ አገኘ። ፕሩስት 48 ዓመት የሞላውና ባለጸጋ ስለ ነበረ፥ ጋዜጦች ኑዛዜው ፈረሰ ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ግማሽ እውነት ነበረው። በአጻጻፉ አዲስነት የፕሩስትን መጽሐፍ የሚተካከል በዚያ ዓመት አልነበረም፤ እንጀራው ግን ለእርሱ አላስፈለገውም። ከዚህም ይልቅ ሊያሳዝን የሚገባው ቀጥሎ የሆነው ነው። የዶርዥሌስ አሳታሚ በመጽሐፉ ላይ የጎንኩርን ሽልማት ስም በትልቅ ፊደል፥ ከዐሥሩ አራት ድምፅ ብቻ ማግኘቱን በትንሽ ፊደል አትሞ ሸጠ፤ ፍርድ ቤትም ፈረደበት። የሟቹ ስም በ16 ዓመት ውስጥ የገበያ ማኅተም ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሰው የሚሰርቀው ዋጋ ያለውን ነገር ነውና፥ ዋጋው ከ5,000 ፍራንኩ ወጥቶ ወደ ስሙ ገብቶ ነበር።

በ1921 ግን ዐሥሩ የኑዛዜውን መንፈስ አሰቡ። ወላጆቹ ከፈረንሳይ ጉያና የሆኑት ሬኔ ማራን፥ ዛሬ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር በኡባንጊ ሻሪ የቅኝ ግዛት ሹም ሆኖ ያገለግል ነበር። «ባቱዋላ» በተባለው መጽሐፉ የአገሩን ሰዎች ኑሮ ጻፈ፤ በመቅድሙም የቅኝ ገዢዎችን ግፍ ሳይፈራ ገለጠ። ሽልማቱን የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቍር ሰው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ቍጣው ወረደበት፤ መጽሐፉ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች እንዳይሠራጭ ተከለከለ፤ እርሱም ሹመቱን ለመልቀቅ ተገደደ። እነሆ፥ ኤድሞን ያሰበው ደራሲ ይህ ነበር፤ እውነት በመጻፉ እንጀራውን ያጣ ሰው። በዚያን ጊዜ 5,000ው ፍራንክ እንደ ቀድሞው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ለእንዲህ ያለ ሰው መጠጊያ በሆነው ነበር።

ነገር ግን ሙሉ አልነበረም። በ1903 አንድ ፍራንክ 0.29 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያህል ነበረ፤ 5,000 ፍራንክም ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ወርቅ ማለት ነው። ጦርነቱ ይህን በላው። በ1928 የፍራንክ ዋጋ በሕግ ሲወሰን ወርቁ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ብቻ ሆነ፤ ያን ጊዜም የመንግሥቱ ዋና ሚኒስትር ያው ሬይሞን ፑዋንካሬ ነበር። በጠበቃነቱ ዘመን ከዘመዶች እጅ ያዳነውን ውርስ፥ በሚኒስትርነቱ ዘመን አራት አምስተኛው መጥፋቱን በማኅተሙ አጸደቀ። በደሉ የእርሱ አይደለም፤ የጦርነቱ ነው። በ1960 መቶ አሮጌ ፍራንክ አንድ አዲስ ፍራንክ ሲሆን 5,000ው 50 ሆነ፤ ዩሮ ሲመጣም 50ው ፍራንክ ወደ 10 ዩሮ ተጠጋ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ወርቅ እስከ አንድ ተራ ወረቀት ድረስ የወረደው እንዲህ ነው። የንጽሕና መሓላ የማለ ማንም አልነበረም፤ ጠባቂ አጥቶ ተበላ እንጂ።

ገንዘብ በዘመን መርከሱ የማይቀር ነው፥ ምን ይደረግ? የሚል ቢኖር፥ በዚያው በ1896 የተገለጠውን ሌላ ኑዛዜ ይመልከት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ሞተ። የእርሱም ኑዛዜ በዘመዶች ክርክር ተነሥቶበት ነበር፤ የእርሱም ሽልማት በ1901 በ150,782 ክሮነር ተጀምሮ በሁለት ጦርነቶች ዘመን ዋጋው ወድቆ ነበር። የኖቤል አደራ ተቀባዮች ግን ዝናው ይበቃናል ብለው አልተቀመጡም፤ በ1946 ከግብር ነጻ ወጡ፥ በ1953 ገንዘቡን በሚያፈራ ሥራ ላይ ለማዋል ፈቃድ አገኙ፥ በ1991ም ሽልማቱ የመጀመሪያውን እውነተኛ ዋጋ መልሶ አገኘ። የኖቤል ሀብት ከጎንኩር ሀብት እጅግ የበዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትንሽም ቢሆን አደራ አደራ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የሀብቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ልክ ይመለስ ብሎ የሚቈረቈር ሰው መኖሩና አለመኖሩም ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበረታው መልስ ቀርቷል። ለሽልማቱ የሚከራከሩ ሰዎች፥ 10 ዩሮው ምንም ባይሆን የተሸለመው መጽሐፍ ቀይ ወረቀት ታጥቆ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ቅጅ ይሸጥ የለምን? ደራሲው ከዚህ ይጠግባል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ መሸሸግም አይገባውም። ዳሩ ግን ይህ እንጀራ የሚመጣው ከገበያ ነው፤ ኤድሞንም ደራሲን ሊያወጣው የፈለገው ከገበያ እጅ ነበር። ከሽያጩ ለደራሲው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ለአሳታሚው፥ ለአከፋፋዩና ለሻጩ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ሽልማቱ ለአሳታሚዎች ታላቅ ምርኮ ሆነ፤ ምርኮ ባለበትም ደጅ ጥናት ይኖራል። ኤድሞን ዳኛን አጥግቦ ከአሳታሚ ደጅ ሊያርቀው ቢያስብ፥ ዘመኑ ዳኛውን አስርቦ ወደዚያው ደጅ መለሰው።

ለዚህ ምስክር ከውጭ መፈለግ አያሻም፤ ማኅበሩ ራሱ መስክሯል። ከዳኞቹ ማንም ከአሳታሚ ቤት ደመወዝ እንዳይቀበል የሚከለክል ደንብ የወጣው በ2008 ነው። የዳኛ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድ የጻፈው መጽሐፍ እንዳይቀርብ የሚከለክል ደንብ የወጣው በ2021 ነው። ደንቦቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ከ100 ዓመት በላይ ዘግይተው መውጣታቸው ምን ይደረግ እንደ ነበር ይናገራል። ዡሊያን ግራክ በ1951 ሽልማቱን አልቀበልም ያለው በከንቱ አልነበረም። ሮሜን ጋሪም በ1956 ከተሸለመ በኋላ፥ በደንቡ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የማይሸለም ሲሆን፥ በ1975 ኤሚል አዣር በሚል የብዕር ስም ተሰውሮ ሁለተኛ ተሸለመ። ሰዎች ይህን የዳኞች ውርደት አድርገው ይተርኩታል። ይሁን እንጂ ዳኞቹ የሰውየውን ፊት ሳያዩ መጽሐፉን ብቻ አይተው የፈረዱበት ፍርድ ይህ ነው፤ የሚያሳፍረው መታለላቸው ሳይሆን እንዲህ ለመፍረድ መታለል ያስፈለጋቸው መሆኑ ነው።

ኑዛዜው ሞቷል ማለት ግን አይቻልም። በ2021፥ ማራን በተሸለመ በመቶኛው ዓመት፥ ዳኞቹ ሙሐመድ ምቡጋር ሳር የተባለውን የሴኔጋል ተወላጅ ሸለሙ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር፤ መጽሐፉንም ያሳተሙት በፓሪስና በዳካር ያሉ ሁለት ትንንሽ አሳታሚዎች ናቸው። ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ወጣትነት፥ አዲስነትና ድፍረት በአንድነት ሲገኙ ዳኞቹ ማየት እንደሚችሉ በዚያ ቀን ታወቀ። እንግዲህ የኑዛዜው ግማሽ፥ ይኸውም ማን ይሸለም የሚለው፥ ዳኞቹ በፈቀዱ ጊዜ ይፈጸማል። ያልተፈጸመው ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ይኸውም የተሸለመው በምን ይኑር የሚለው።

ይህንንም መመለስ የማይቻል አይደለም። ማኅበሩ ድኻ ቢሆን ስሙ ድኻ አይደለም። በጎንኩር ስም ቀይ ወረቀት የሚያትም አሳታሚ ሁሉ ከዚያ መጽሐፍ ትርፍ ጥቂት ክፍል ለማኅበሩ ቢመልስ፥ በየዓመቱ ስማቸው ላልታወቀ ደራስያን የአንድ ዓመት እንጀራ ይወጣ ነበር። ማኅበሩ ለመጀመሪያ ልብ ወለድ፥ ለአጭር ታሪክና ለቅኔ የሚሰጣቸው ሌሎች ሽልማቶች መኖራቸው ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን የቤቱ ምሰሶ ዘሞ ሳለ የአጥሩ መታደስ ቤቱን አያቆመውም። የሟቹን ስም የሚበላ ሁሉ ከሟቹ ዕዳ ጥቂት ይክፈል ማለት ልመና አይደለም፤ ፍርድ ነው።

በሌላም አገር ሽልማት የሚያቋቁሙ ሰዎች ከዚህ ሊማሩ ይገባቸዋል። ብዙዎች የጎንኩርን ምሳ፥ የጎንኩርን ጩኸትና የጎንኩርን ቀይ ወረቀት ዐይተው ይቀናሉ፤ ሐራጁን፥ ሙግቱንና የኑዛዜውን ቍጥር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ለደራሲ ጭብጨባ መስጠት ቀላል ነው፤ እጅ ከማማታት በቀር የሚያስከፍለው የለም። ጊዜ መስጠት ግን ከኪስ ያስወጣል። ኤድሞን ደ ጎንኩር ከኪሱ አወጣ፤ የሚወደውን ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ ለማያውቀው ሰው እንጀራ አደረገው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አበው። በድሩዋን ገበታ ዙሪያ የሚቀመጡት ዐሥሩ፥ በየዓመቱ ምሳቸውን ሲበሉ፥ ገበታው የተዘረጋው ለማን እንደ ነበር ሊጠየቁ ይገባቸዋል።